ለምስጠራ ብቁ የሆኑ የዘፈቀደ ቁጥሮችን በፕሮግራም ውስጥ በትክክል ለመጠየቅ የሚያገለግል ዝርዝር መመሪያ

የመግቢያ ቶከን፣ የይለፍ ቃል ማደሻ ሊንክ፣ የምስጠራ ቁልፍና የዲጂታል ፊርማ በውስጣቸው የያዙት ቁጥር ለሌላ ሰው የማይገመት ካልሆነ፣ በላያቸው የተገነባው ጥበቃ ሁሉ ዋጋ ያጣል። ይህን ቁጥር የሚያመነጨው ስልተ ቀመር ግን ዛሬ ለአብዛኛው ፕሮግራመር አሳሳቢ ጉዳይ አይደለም። የሊኑክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ቻቻ20 የተባለውን የምስጠራ ስልት ለዚህ ሥራ ይጠቀማል፤ ሌሎቹም ዋና ዋና ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች በየራሳቸው መንገድ ጠንካራ ማመንጫ አላቸው። በተግባር የሚታየው ጥፋት የሚበዛው ፕሮግራሙ ከማመንጫው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው፤ ትክክለኛ ያልሆነው ፈንክሽን ይጠራል፣ የተመለሰው ስህተት ሳይታይ ይታለፋል፣ ወይም በሚገባ የመጡት ባይቶች ወደ ሌላ ቅርጽ ሲቀየሩ ይበላሻሉ። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በመገናኛው ላይ ነው።

እርምጃ 1፦ ለዚህ ሥራ የማይሆኑትን ማመንጫዎች ይለዩ

በየፕሮግራሚንግ ቋንቋው በቀላሉ የሚገኘውና ስሙ «ራንደም» የሚለው ፈንክሽን አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ለጨዋታ፣ ለስታቲስቲክስ ናሙናና ለመሳሰለው ሥራ ነው። የሚያወጣቸው ቁጥሮች በደንብ የተበተኑ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ጥቂቶቹን የተመለከተ ሰው የሚቀጥሉትን ሁሉ ሊያሰላቸው ይችላል። የፓይተን ራንደም ሞጁል የሚጠቀምበት መርሴን ትዊስተር ባለ 32 ቢት የሆኑ 624 ተከታታይ ውጤቶቹ ከታዩ ውስጣዊ ሁኔታው ሙሉ በሙሉ ይታወቃል። የጃቫ ተራ ራንደም ክላስ ደግሞ ከዚህም የደከመ ነው፤ ውስጣዊ ሁኔታው 48 ቢት ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ተከታታይ ሙሉ ቁጥሮችን ያየ አጥቂ የጎደሉትን 16 ቢቶች፣ ማለትም 65,536 አማራጮችን፣ በመሞከር ያገኘዋል። በጃቫስክሪፕት የማዝ-ራንደም ፈንክሽንም እንዲሁ ነው፤ የክሮም ሞተር የሆነው ቪ8 ለዚህ ፈንክሽን የሚጠቀመው ፈጣን እንጂ ለምስጠራ ያልታሰበ ስልት ነው።

እነዚህን ማመንጫዎች በሰዓት፣ በፕሮሰስ መለያ ቁጥር ወይም በሁለቱ ድብልቅ ማስጀመር ነገሩን አያድነውም። እ.ኤ.አ. በ1995 የኔትስኬፕ ብራውዘር ምስጠራ የተሰበረው መነሻ ዘሩ (ማመንጫው ሥራ የሚጀምርበት ቁጥር) ከሰዓቱ፣ ከፕሮሰሱና ከወላጅ ፕሮሰሱ መለያ ቁጥሮች ብቻ የተሠራ መሆኑ በመታወቁ ነበር። ሦስቱም ሊገመቱ የሚችሉ ቁጥሮች ናቸው፤ በሃሽ ፈንክሽን (ማንኛውንም ግቤት ወደ ቋሚ ርዝመት ቁጥር በሚቀይር ስሌት) ውስጥ ማሳለፋቸውም የአማራጮቹን ብዛት አይጨምረውም። ይህ ስህተት ያኔ ቀርቷል ብሎ የሚያስብ ካለ፣ ዛሬ የሚጻፉ ኮዶችን ለአንድ ሰዓት ያህል መመልከት በቂ ይመስለኛል።

እርምጃ 2፦ ጥያቄውን ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያቅርቡ

ደንቡ አንድ ነው፤ የራስዎን ማመንጫ አይሥሩ፣ በከርነሉና በእርስዎ ኮድ መካከልም የሚገባውን ንብርብር በተቻለ መጠን ያሳንሱ። ከርነሉ ከሃርድዌር መቋረጦች፣ ከፕሮሰሰሩ የዘፈቀደ ቁጥር ትእዛዝና ከሌሎች ምንጮች ኢንትሮፒ (የማይገመት መረጃ) ይሰበስባል፣ ራሱን በየጊዜው ያድሳል፣ ውስጣዊ ሁኔታውንም ከሌሎች ፕሮግራሞች ይሰውራል። በአንድ ተራ ፕሮግራም ውስጥ ይህን ሁሉ እንደገና መሥራት ትርፍ የለውም።

በሊኑክስ ላይ በሲ ቋንቋ የሚሠሩ ከሆነ ተመራጩ ጌትራንደም የተባለው ሲስተም ኮል ነው። ወደ ከርነሉ የገባው እ.ኤ.አ. በ2014 በ3.17 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበረው መንገድ ዩራንደም የተባለውን የመሣሪያ ፋይል ከፍቶ ማንበብ ሲሆን፣ ሁለት ድክመቶች ነበሩበት። ፕሮሰሱ ሊከፍት የተፈቀደለት የፋይል ብዛት ካለቀ መክፈት አይቻልም፤ በታጠረ የፋይል ሥርዓት ውስጥ ለሚሠራ ፕሮግራም ደግሞ ፋይሉ ጭራሹኑ ላይኖር ይችላል። ጌትራንደም ፋይል ስለማይከፍት ከሁለቱም ነፃ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ማመንጫው ኮምፒውተሩ ከተነሣ በኋላ ገና በቂ ኢንትሮፒ ካላገኘ ጠያቂውን ያቆየዋል እንጂ ደካማ ቁጥር አይሰጠውም። ዩራንደም ይህን ጥበቃ አይሰጥም።

ራንደም የተባለው ሌላው የመሣሪያ ፋይል «የተሻለ ነው» የሚለው አሮጌ ምክር አሁንም በየቦታው ይነበባል። ከ5.6 እትም ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ፣ ይህ ፋይል አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ በኋላ አያቆይም፤ ስለዚህ ምክሩን መተው ይቻላል። በኦፕንቢኤስዲና በማክ ላይ አርክ4ራንደም የተባሉት ፈንክሽኖች ምቹ ናቸው፤ የሊኑክስ የሲ ላይብረሪ የሆነው ግሊብሲም እ.ኤ.አ. በ2022 በ2.36 እትሙ አካቷቸዋል። ስማቸው የድሮውን አርሲ4 ስልት ቢያስታውስም ኦፕንቢኤስዲ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ቻቻ20 ቀይሮታል። በዊንዶውስ ላይ ቢክሪፕት-ጄን-ራንደምን ሲስተሙ የሚመርጠውን ማመንጫ እንዲጠቀም ከሚያዝዘው ምልክት ጋር ይጥሩ፤ ክሪፕት-ጄን-ራንደም የተባለውን የቀድሞውን ፈንክሽን በአዲስ ኮድ ውስጥ አያስገቡ።

ከሲ ከፍ ባሉ ቋንቋዎች ሥራው ይቀላል። በፓይተን ሲክረትስ የተባለው ሞጁል ከ3.6 እትም ጀምሮ አለ፤ ባይት፣ ቶከንና ሙሉ ቁጥር የሚሰጡ ፈንክሽኖችን ይዟል። በፒኤችፒ ራንደም-ባይትስና ራንደም-ኢንት ከ7ኛው እትም ጀምሮ ይገኛሉ። በዶትኔት ራንደም-ነምበር-ጄኔሬተር፣ በጎ ቋንቋ በክሪፕቶ ሥር ያለው ራንድ፣ በኖድ የክሪፕቶ ሞጁሉ ራንደም-ባይትስና ራንደም-ኢንት ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ናቸው። በብራውዘር ውስጥ የክሪፕቶ ኦብጀክት ጌት-ራንደም-ቫልዩስ የተባለ ፈንክሽን አለው፤ በአንድ ጥሪ ከ65,536 ባይት በላይ ከተጠየቀ ስህተት ይወረውራል፣ የሚቀበለውም የሙሉ ቁጥር አሬይ ብቻ ነው።

የጃቫ ሴኪዩር-ራንደም ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ያለ ምንም ግቤት የተፈጠረ ኦብጀክት ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ኤስኤችኤ1ፒአርኤንጂ የተባለውን ስልት በስሙ ጠርቶ ከመጀመሪያው ባይት በፊት መነሻ ዘር መስጠት ግን አደገኛ ነው፤ የተሰጠው ዘር በማመንጫው ዘር ላይ አይጨመርም፣ ይተካዋል። ሰዓቱን እንደ ዘር የሰጠ ፕሮግራመር «ተጨማሪ ጥንቃቄ አደረግሁ» ብሎ እያሰበ ማመንጫውን ወደ ሰዓት ቆጣሪ ያወርደዋል ማለት ነው።

እርምጃ 3፦ የተመለሰውን መልስ ይፈትሹ፣ ካልተሳካም ፕሮግራሙን ያቁሙ

በሲ ቋንቋ የሚሠሩ መገናኛዎች ስህተትን የሚገልጹበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። የኦፕንኤስኤስኤል ምስጠራ ላይብረሪ ራንድ-ባይትስ ሲሳካለት 1፣ ሳይሳካለት ሲቀር 0፣ ያለው ማመንጫ ጥያቄውን የማይደግፍ ከሆነ ደግሞ -1 ይመልሳል። በሲ ከዜሮ የተለየ ቁጥር ሁሉ እንደ እውነት ስለሚቆጠር፣ መልሱ ዜሮ መሆን አለመሆኑን ብቻ የሚጠይቅ ኮድ -1ን እንደ ስኬት ያልፈዋል፤ ያልተሞላውም በፈር (ባይቶቹ የሚቀመጡበት ማህደረ ትውስታ) ቁልፍ ሆኖ ይቀጥላል። የአፕል ሴክ-ራንደም-ኮፒ-ባይትስ በተቃራኒው ሲሳካለት 0 ይመልሳል። ስለዚህ ንጽጽሩን ሁልጊዜ «ከስኬት ዋጋው ጋር እኩል ነውን» በሚል መልክ ይጻፉ፤ «ውድቀት አይደለምን» የሚለውን መልክ ያስወግዱ።

ጌትራንደም ደግሞ የሞላውን የባይት ብዛት ይመልሳል። ማመንጫው ከተዘጋጀ በኋላ እስከ 256 ባይት የሚደርስ ጥያቄ ሁልጊዜ ተሟልቶ ይመለሳል፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን በሲግናል ሊቋረጥና ጎድሎ ሊመለስ ይችላል። ትልቅ በፈር የሚሞላ ኮድ የቀረውን እስኪያገኝ ድረስ በሉፕ መጠየቅ አለበት። ጌት-ኢንትሮፒ የተባለው አቻው ከ256 ባይት በላይ የሚጠይቀውን ጥሪ በግልጽ ስለሚከለክል፣ እንደኔ አመለካከት ለቁልፍ ሥራ የተሻለ መገናኛ ነው፤ ግማሽ መልስ የሚባል ነገር የለውምና።

ጥያቄው ሳይሳካ ሲቀር ምን ይደረግ? ወደ ተራው ማመንጫ መመለስ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ምንም ምልክት ሳያሳይ ደካማ ቁልፍ ማምረቱን ይቀጥላል። ደግሞ መሞከርም ብዙ ጊዜ አይጠቅምም። ፕሮግራሙ ይቁም። የጎ ቋንቋ አዘጋጆች እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው 1.24 እትም ይህንኑ ደንብ አድርገውታል፤ የክሪፕቶ ራንድ የማንበቢያ ፈንክሽን ከእንግዲህ ስህተት አይመልስም፣ ካልቻለ ፕሮግራሙን በሙሉ ይዘጋዋል። ጨካኝ ይመስላል፤ ነገር ግን ሊረሳ የሚችል ፍተሻን ከፕሮግራመሩ እጅ ያወጣል።

እርምጃ 4፦ ምን ያህል ቢት እንደሚያስፈልግ ይወስኑ

ለመግቢያ ቶከንና ለማደሻ ሊንክ 16 ባይት፣ ማለትም 128 ቢት፣ በቂ ነው፤ ለምስጠራ ቁልፍ 32 ባይት መውሰድ የተለመደ ነው። አራተኛው ዓይነት ዩዩአይዲ (ልዩ መለያ ቁጥር) 128 ቢት ቢረዝምም ዘፈቀዳዊው ክፍል 122 ቢት ብቻ ነው፤ ከዚህም በላይ አንዳንድ ላይብረሪ የሚያመነጨው በምን ማመንጫ እንደሆነ ሳይረጋገጥ እንደ ምስጢር ሊቆጠር አይገባም። በስልክ የሚላክ ባለ 6 አሃዝ ኮድ አንድ ሚሊዮን አማራጮች፣ ወይም 20 ቢት ያህል፣ ብቻ ስላለው ማመንጫው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሚጠብቀው የሙከራ ብዛት ገደብና አጭር ዕድሜ ነው።

እርምጃ 5፦ ባይቶቹን ሳያዛቡ ወደሚፈለገው ቅርጽ ይቀይሩ

ብዙ ጠንቃቃ ፕሮግራመሮች ሳይቀር የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከ62 ሆሄያትና አሃዞች የተሠራ ኮድ ያስፈልጋል እንበል። አንድ ባይት ወስዶ ለ62 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ቀላል ይመስላል። ባይት ግን 256 ዋጋዎች አሉት፣ 256 ደግሞ አራት ጊዜ 62 ሲደመር 8 ነው። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዎቹ 8 ምልክቶች እያንዳንዳቸው ከ256 ባይቶች በ5ቱ ሲወጡ፣ የቀሩት 54 ምልክቶች በ4ቱ ብቻ ይወጣሉ። ማለትም አንዳንዱ ምልክት ከሌላው በ25 በመቶ ይበልጥ ይደጋገማል።

መፍትሔው ትርፉን መጣል ነው። ባይቱ 248 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይተዉትና ሌላ ባይት ይጠይቁ፤ ከ248 በታች ከሆነ ብቻ ለ62 አካፍለው ቀሪውን ይውሰዱ። 248 የ62 ብዜት ስለሆነ ሁሉም ምልክት እኩል 4 ዕድል ያገኛል። የሚጣለው ከ100 ባይት 3 ያህል ብቻ ነው፤ ሉፑም ከጥቂት ዙር በላይ የሚሄድበት አጋጣሚ እጅግ ጠባብ ነው። ለሰፊ ወሰን አንዱን ባይት በ4 ወይም በ8 ባይት ተክተው ያንኑ ያድርጉ፤ ገደቡ ሁልጊዜ ከሙሉው ስፋት የማይበልጠው ትልቁ የወሰኑ ብዜት ነው። በዚህ መልክ የተሠራ 22 ምልክት ያለው ኮድ ከ130 ቢት ትንሽ ይበልጣል፤ ለቶከን ይበቃል።

ይህን ራስዎ ከመጻፍዎ በፊት ግን ቋንቋዎ የሰጠዎት ነገር ካለ እሱን ይጠቀሙ። የፓይተኑ ራንድቢሎው፣ የፒኤችፒና የኖዱ ራንደም-ኢንት፣ የአርክ4ራንደም ቤተሰብ የሆነው ዩኒፎርም የተባለው ፈንክሽን ሁሉም ማዛባቱን ያስቀራሉ። በነጥብ የሚጻፍ ቁጥር አመንጭቶ በወሰኑ ማባዛትና ነጥቡን ቆርጦ መጣል ከማካፈሉ ያልተሻለ አቋራጭ ነው፤ ያስወግዱት።

የማዛባቱ ጉዳት ለቶከን መጠነኛ ሊሆን ይችላል፤ ለዲጂታል ፊርማ ግን ገዳይ ነው። ፑቲ የተባለው የርቀት መግቢያ ፕሮግራም ለ521 ቢት ኤሊፕቲክ ኩርባ (ለፊርማው ስሌት መሠረት የሆነ የሒሳብ ኩርባ) በየፊርማው የሚያስፈልገውን ምስጢራዊ ቁጥር የሚያወጣው ከ512 ቢት ሃሽ ስለነበር፣ የቁጥሩ የላይኛዎቹ 9 ቢቶች ሁልጊዜ ዜሮ ይሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 እንደተገለጸው፣ ወደ 60 የሚጠጉ ፊርማዎችን ያገኘ ሰው የግል ቁልፉን በስሌት ሊያወጣው ይችላል። ቁጥሩ በየፊርማው ተመሳሳይ ከሆነ ደግሞ ሁለት ፊርማዎች ይበቃሉ፤ የሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 የፊርማ ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ2010 የተገኘው በዚህ ምክንያት ነበር። ስለዚህ ለፊርማ የሚሆነውን ቁጥር በእጅዎ አያመንጩ፤ ለታወቀ የምስጠራ ላይብረሪ ይተዉት።

የዝርዝርን ቅደም ተከተል በዘፈቀደ መበወዝ ሲያስፈልግ የፊሸርና የዬትስን ስልት ካልተዛባ ሙሉ ቁጥር ጋር ይጠቀሙ። የ52 ካርዶች ቅደም ተከተል ከ225 ቢት በላይ የሚሆን አማራጭ አለው፤ በ32 ቢት ዘር የተጀመረ ማመንጫ ከእነዚህ ውስጥ ሊደርስባቸው የሚችለው እጅግ ኢምንቱን ነው።

እርምጃ 6፦ የማመንጫው ሁኔታ የሚባዛባቸውን ቦታዎች ይጠብቁ

በከርነሉ ውስጥ ሳይሆን በፕሮሰሱ ማህደረ ትውስታ ውስጥ የሚኖር ማመንጫ ፕሮሰሱ ፎርክ ሲያደርግ፣ ማለትም የራሱን ቅጂ ልጅ ፕሮሰስ አድርጎ ሲፈጥር፣ አብሮ ይገለበጣል። ወላጁና ልጁ ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ ቁጥሮችን ማውጣት ይጀምራሉ፤ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ልጅ ፕሮሰስ በሚፈጥር ሰርቨር ላይ ይህ ማለት ለሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቶከን መስጠት ነው። ኦፕንኤስኤስኤል እ.ኤ.አ. በ2018 በ1.1.1 እትሙ ማመንጫውን እንደ አዲስ ሲጽፍ ፎርክን የሚያውቅ እንዲሆን አስቦ ነበር፤ ጥበቃው በተለመደው አጠቃቀም መሥራት የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 1.1.1d እትም ነው። ላይብረሪዎ ይህን ማድረጉን ማረጋገጥ ካልቻሉ ከርነሉን በቀጥታ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ስለ ፍጥነት የሚነሣው ሥጋት ለቁልፍና ለቶከን ሥራ ቦታ የለውም። ፍጥነት በእርግጥ ለሚያስፈልጋቸው ደግሞ የሊኑክስ 6.11 እትም ወደ ከርነሉ በየጊዜው ሳይገባ የሚሠራ የጌትራንደም መንገድ አዘጋጅቷል።

የቨርቹዋል ማሽን ምስል ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ሲነሣም የከርነሉ ማመንጫ ራሱ ይባዛል። ሊኑክስ ከ5.18 እትም ጀምሮ ማሽኑ መገልበጡን ከአስተናጋጁ ሲሰማ ራሱን ያድሳል፤ ነገር ግን ፕሮግራምዎ ከመገልበጡ በፊት አውጥቶ በበፈር ያስቀመጣቸውን ባይቶች ማንም አያድስለትም። ባይቶችን አስቀድሞ አከማችቶ መያዝን ያስወግዱ፤ በሚያስፈልግበት ቅጽበት ይጠይቁ።

ትንንሽ መሣሪያዎች ላይ ጥንቃቄው የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በኢንተርኔት ላይ ያሉ በርካታ ራውተሮችና መሰል መሣሪያዎች የጋራ አካፋይ ያላቸው፣ በዚህም በቀላሉ የሚሰበሩ፣ የአርኤስኤ ምስጠራ ቁልፎች እንደያዙ አሳይቷል፤ ዋናው ምክንያት ቁልፉ የተፈጠረው መሣሪያው ገና እንደተነሣ፣ ኢንትሮፒ ሳይጠራቀም መሆኑ ነው። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ ቁልፍ የሚፈጥረው ፕሮግራም ጌትራንደም እስኪመልስለት መጠበቅ አለበት፤ «እንዳታቆየኝ» የሚለውን ምልክት ለማፋጠን ብሎ መጨመር ችግሩን መልሶ መጋበዝ ነው።

እርምጃ 7፦ አንድ አጭር ሞጁል ይሥሩ፣ በትክክለኛው መንገድም ይፈትኑት

በኮድዎ ውስጥ ማመንጫውን የሚጠራ አንድ ቦታ ብቻ እንዲኖር ያድርጉ። ሦስት ፈንክሽኖች ይበቁታል፦ የተጠየቀውን ያህል ባይት የሚሰጥ፣ ከተሰጠ ወሰን በታች ሙሉ ቁጥር የሚሰጥ፣ ቶከን የሚሰጥ። መነሻ ዘር የሚቀበል ግቤት አይኑረው፤ ለሙከራ ተብሎ የተከፈተ እንዲህ ያለ በር ወደ ሥራው ሰርቨር ሾልኮ መግባቱ አይቀርም።

የስታቲስቲክስ ፈተና እዚህ ላይ ያለው ጥቅም ውሱን ነው። ከ1 ጀምሮ የሚቆጥር ቆጣሪ ሁሉም በሚያውቀው ቁልፍ ቢመሰጠር ውጤቱ ፈተናዎቹን ሁሉ ያልፋል፤ ለአጥቂ ግን ሙሉ በሙሉ የታወቀ ነው። የሚፈተነው የራስዎ ኮድ ይሁን። የመቀየሪያውን ፈንክሽን ባይት በግቤት የሚቀበል አድርገው ይጻፉና ከ0 እስከ 255 ያሉትን ሁሉንም ይስጡት፤ ለ62 ምልክቶች እያንዳንዱ በትክክል 4 ጊዜ መውጣት፣ 8 ባይቶችም መጣል አለባቸው። ይህ ፈተና ዕድል የሌለበት ስለሆነ አንድ ቀን አልፎ ሌላ ቀን አይወድቅም። ከዚያ የማመንጫውን ጥሪ እንዲወድቅ አድርገው ፕሮግራሙ መቆሙን፣ ከፎርክ በኋላ ወላጁና ልጁ የተለያዩ ባይቶች ማውጣታቸውን ያረጋግጡ።

እርምጃ 8፦ የቆየውን ኮድ ይመርምሩ፣ የወጡትን ቁልፎችም ይሰርዙ

በኮዱ ውስጥ የተራ ማመንጫዎችን ስሞች ይፈልጉና እያንዳንዱ ጥሪ ለምን ሥራ እንደዋለ ይጠይቁ። ማስተካከሉ ብቻውን አይበቃም፤ በደካማ ማመንጫ የተፈጠረ ቁልፍ ኮዱ ቢታረምም ደካማ ሆኖ ይኖራል። የሊኑክስ ስርጭት የሆነው የደቢያን ታሪክ ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በደቢያን የኦፕንኤስኤስኤል ጥቅል ውስጥ አንድ የማህደረ ትውስታ መመርመሪያ መሣሪያ ያማረረባቸው የኮድ መስመሮች ተወገዱ። ማመንጫውን የሚመግቡት እነዚያ መስመሮች ስለነበሩ፣ የሚለዋወጥ መነሻ ሆኖ የቀረው የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ ይህም ለአንድ ዓይነትና መጠን ቁልፍ 32,768 ያህል አማራጭ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ሲታወቅ አዲስ ጥቅል ከማውጣት ጎን ለጎን የደካማ ቁልፎች ዝርዝር ተዘጋጅቶ ሰርቨሮች እነዚያን ቁልፎች እንዳይቀበሉ ተደረገ። እርስዎም እንደዚሁ በአሮጌው መንገድ የወጡትን ቶከኖች ያቋርጡ፣ ቁልፎቹን በአዲስ ይተኩ፣ የምስክር ወረቀት የወጣባቸውንም ለሰጪው አካል አሳውቀው ያሰርዙ።